ወንዙን የተሻገረው ወንድሜ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። መምህራችን «ከጠላት ዘመን የምታስታውሱትን ጻፉ» ሲሉን፣ የክፍል ጓደኞቼ የዘመተ፣ የተሰደደ ወይም የታሰረ ዘመድ ነበራቸው። በእኛ ቤት የሆነው ግን አንድ ጎረምሳ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ወሬ ማውራቱ ብቻ ነው።

ያ ጎረምሳ ዛሬ መጽሐፎቹ ከማተሚያ ቤት በወጡ በጥቂት ቀን የሚያልቁለት የጀብዱ ልብወለድ ደራሲ ነው። ጀግናው በአንዱም መጽሐፍ አይሞትም፤ ጋዜጣ ላይ በዚህ የሚተቹት አሉ። አዲስ መጽሐፍ ሲያወጣ የመጀመሪያው ቅጂ ቀራንዮ ሰፈር ወደ እኛ ቤት ይመጣል። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች እኔ አነብላታለሁ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ግን ጀግናው ጠብመንጃውን በጥርሱ ነክሶ አዋሽን የሚዋኝበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ «እሱን እለፊው» ትለኛለች። የኮሌጅ ጓደኞቼ ያንኑ ምዕራፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ እኔ ተነስቼ እወጣለሁ። ለምን እንደምወጣ ጠይቀውኝ አልመለስኩም። እዚህ ልሞክር።

ታላቅ ወንድሜ ጅባት ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ሲቀላቀል አባቴ በሕይወት አልነበረም፤ እናቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። ደራሲው ያኔ የጎረቤታችን ልጅና የወንድሜ ባልንጀራ ነበር። በጣሊያን ካምዮን ላይ ረዳት ሆኖ ወደ አምቦ ስለሚመላለስ የጫካው ወሬ ይደርሰዋል ብለን እናምነው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቧራውን ሳያራግፍ ይመጣል፤ በሩን እንዘጋለን።

«በዚህ ሳምንት አዋሽን ተሻገረ» አለ አንድ ቀን። «ውሃው ሞልቶ ነበር። ጠብመንጃውን በጥርሱ ነክሶ ዋኘው።»

«የማን ልጅ?» አለች እናቴ ጥጥ እየፈተለች። «የእኔ ልጅ እኮ ገላውን የሚታጠበው አባርሬ ስይዘው ነው።»

«በረሃ ያስተምራል፣ እትዬ።»

«ደግሞስ በየትኛው ጥርሱ ነው የነከሰው? መንጋጋውን ታሞ፣ ጉንጩ አብጦ አይደል እንዴ የሄደው?»

ይህን አልጠበቀም ነበር። ፀጉሩን አከክ አከክ አደረገ።

«ነቀለው።»

«ማን?»

«ራሱ። በሲባጎ አሰረና ሌላውን ጫፍ በቅሎ ጅራት ላይ ቋጠረው።»

«በቅሎ ከየት አምጥቶ?»

«የጣሊያን ሻለቃ በቅሎ ናት። ከነጭነቷ የማረካት።»

እናቴ እንዝርቷን ጥላ ሳቀች። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «እሰይ፣ ተገላገለልኝ» አለች። በማግስቱ ለጥርሱ የተሳለችውን ጧፍ ይዛ መድኃኔ ዓለም ሄደች።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ድልድይ አፈረሰ፤ እህል ነጋዴ መስሎ ሆለታ ገበያ ገባ፤ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ገደል ወረደ። ጎረቤቶችም እየመጡ ማዳመጥ ጀመሩ። እኔ አፌን ከፍቼ ስሰማ እነሱ መሬት መሬቱን ያያሉ። ፈርተው ይመስለኝ ነበር።

ጣሊያን ከተማውን ለቆ ከወጣ በኋላ ጎረምሳው መምጣቱን ተወ። እናቴ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» ብላ ጠላ ጠመቀች፤ የወንድሜን ጋቢ አጥባ አሰጣች። ንጉሡ ሲገቡ አርበኞቹም አብረው ይገባሉ ተባለ። ያን ዕለት ማለዳ ነጭ ልብሷን ለበሰች። መንገድ ዳር ቆመን ከሚያልፉት መካከል ልንለየው ነው።

«ጢም አብቅሎ ይሆናል» አለችኝ። «ያንቺ ዓይን ይሻላል። እንዳያልፈን፣ አደራ።»

በሩን ስከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል። አብረውን ሊሄዱ የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አየሁ። ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከመንገዱ ማዶ ሆታና ጭፈራ ይሰማል፤ እኛ ግቢ ግን የሚናገር የለም።

የሰፈሩ ሽማግሌ ቀድመው ገቡ። ሁለት ሴቶች እናቴን ግራና ቀኝ ያዟት።

«ልጃችን አዋሽ ዳር ወድቋል» አሏት። «ጫካ በገባ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ያኔ ብናረዳሽ ትጮሂያለሽ፤ የአርበኛ ለቅሶ መሆኑን ከሰሙ ቤቱን ከነልጅሽ ያቃጥሉታል። እስኪወጡ ብለን ያዝነው። ይህንንም ልጅ አውራላት ያልነው እኛ ነን። ከወጡ ወዲህ ደግሞ ዛሬ ነገ ስንል ደፋር ጠፋ። መንገድ ዳር ቆመሽ የሰው ፊት ስትፈልጊ ግን ማየት አልቻልንም።»

ቃላቱን ሰማሁ፤ ትርጉማቸው ግን አልገባ አለኝ። ድልድዩን ያፈረሰው ማን ነው? ገበያ የገባውስ? እኔ በየቅዳሜው በሐሳቤ የማየው ወንድሜ ገደል ሲወርድ፣ በቅሎ ሲማርክ፣ ከአፈር በታች ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጎረምሳውን ፈለግሁት። ከሴቶቹ ኋላ ቆሞ እግሩን ያያል።

እናቴም አየችው። አልወደቀችም፤ አላለቀሰችም።

«ና ወዲህ» አለችው። ቀረበ።

«ያን ጥርሱን ማን ነቀለለት?»

በዚያ ሁሉ ቅዳሜ መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ከእግሩ ቀና ብሎ አያት።

«አልተነቀለም፣ እትዬ።»

«እንዳመመው ነው?»

«እንዳመመው ነው።»

ያኔ ጮኸች። ጩኸቷ የመንገዱን ጭፈራ ዋጠው። ማንም አፏን አልያዘም፤ በሰፈራችን ለአርበኛ ጮክ ተብሎ የተለቀሰው ያን ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም።