ያልተቆጠረው በረኛ

ኤላዲዮ ኮርቲና ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለገዛ ግቡ ሰጥቶ ቆሟል። የተወለደው በአስቱሪያስ የከሰል ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው በሶትሬዶ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የከተማውን ክለብ ማልያ ለበሰ፤ ከዚያም በአምስት ክለቦች የመሐል ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ። በታላቁ ሊግ የቆየው ግን አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነበር፤ እሱም አሥራ ሰባት ጨዋታ። ተመልካቹ “መቀርቀሪያው” ይለው ነበር። በዕድሜው ሙሉ ሁለት ግብ ሲያስቆጥር አንደኛዋን ያስቆጠረው በራሱ መረብ ላይ ነው።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው የአሠልጣኝነት ፈቃድ አወጣ። ሰባት ትንንሽ ክለቦችን አሠለጠነ። ስድስቱ አሰናበቱት፤ ሰባተኛው ራሱ ፈረሰ። በሄደበት ሁሉ ተከላካዮቹን የሚያስተምራቸው አንድ ትምህርት ነበር፤ በዝናብም በጭቃም ከመስመሩ ዳር ቆሞ “ኳሷን ተዋት! ከፊትህ ያለውን ሰው ቁጠር!” እያለ ይጮኽ ነበር። በሃምሳ አራት ዓመቱ ወደ ሶትሬዶ ተመለሰ፤ እሱን የሚቀጥር ሌላ ክለብ አልነበረም፣ ሶትሬዶም ሌላ የሚመጣለት አሠልጣኝ አልነበረውም።

የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመጋቢት ወር የክለቡ ፕሬዚዳንት ዶን ፋውስቲኖ፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ አባላቱን ሰብስበው በአጭሩ ተናገሩ፤ ክለቡ ከሦስተኛ ዲቪዚዮን ከወረደ የሜዳውን ቁልፍ ለማዘጋጃ ቤቱ ያስረክባሉ፤ የሰባ አንድ ዓመቱ ክለብም በዚያው ያበቃል።

ነገሩ ሁሉ በግንቦት የመጨረሻ እሑድ ላይ ወደቀ። እንግዳው ቡድን ሉሜሬስ፣ የባሕር ዳሯ ከተማ ክለብ ነበር። ሶትሬዶ ካሸነፈ ይተርፋል፣ ሉሜሬስ ይወርዳል፤ ካላሸነፈ የሚወርደው ሶትሬዶ ነው። የሉሜሬስ አሠልጣኝ ሞይሴስ ቱኞን ነበር፤ ከኤላዲዮ ጎን ለስድስት ዓመት የመሐል ተከላካይ ሆኖ የተጫወተ ወዳጁ።

ደንቡን እያንዳንዱ የሶትሬዶ ተጫዋች በቃሉ ያውቀዋል። አንድ ክለብ ከተስፋ ቡድኑ ከአራት በላይ ተጫዋቾችን ባንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ማቆም አይችልም፤ አምስተኛው ከገባ ጨዋታው ለባላጋራው ይሰጣል። ጉዳት ስለበዛ በዚያ እሑድ ከተስፋው ሦስት ልጆች በሜዳው ተሰልፈው ነበር። በማሟሟቂያው ሰዓት ደግሞ ዋናው በረኛ ትኩሳት ጣለው፤ በእሱም ቦታ የተስፋው በረኛ ኒካኖር ጓንቱን አጠለቀ።

በስድሳኛው ደቂቃ ሶትሬዶ አንድ አገባ። በሰማንያ አንደኛው የቀኝ ተከላካዩ ጭኑን ይዞ ወደቀ። አግዳሚው ላይ ሁለት ተከላካዮች ቀርተው ነበር፤ የሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሊቶ እና አንድ ፈጣን የተስፋ ልጅ። ኤላዲዮ ወደ ሜዳው ዞሮ ዕድሜውን ሙሉ እንደቆጠረው ቆጠረ፤ ከመከላከያው መስመር ተነሥቶ ወደ ፊት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይህ ሲገባ አራት። ልጁን አስገባው። ተቀያሪዎችን መዝግቦ መቆጣጠር የክለቡ ተወካይ የሴልሶ ሥራ ነበር፤ ሴልሶ ግን ያን ጊዜ ዓይኑን በኮፍያው ሸፍኖ ይጸልይ ነበር።

ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ። ከተማው አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሁሉ በቤኒግና የፖም ጠጅ ቤት ተጨናነቀ። ቤኒግና እንደ አገሩ ወግ ጠርሙሱን ከራሷ በላይ፣ ብርጭቆውን ከወገቧ በታች ይዛ ስትቀዳ አፏም ከእጇ ጋር እኩል ይሠራ ነበር።

“ሊቶ! አንተ ደግሞ ምን ሠራሁ ብለህ ነው የምትጠጣው? አግዳሚውን አሞቅክ እንጂ!”

“ማሞቅ ቀላል መሰለሽ? ሽማግሌ ሲቀመጥበት ነው የሚሞቀው። ደግሞ ሕፃናቱን ማን ይጠብቃቸው?”

“የትኞቹን ሕፃናት? አምስቱም ሜዳ ላይ ነበሩ! ሕፃናቱ ናቸው አንተን የጠበቁህ!”

ኤላዲዮ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ። “አራት ናቸው፣ ቤኒግና” አላት።

“አምስት ናቸው! ዕድሜህን ሁሉ ቁጠሩ ቁጠሩ እያልክ ስትጮኽ አንተው መቁጠር አቃተህ? ሳህናቸውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ይኸው በግድግዳው በኩል ተቀምጠዋል፤ ቁጠራቸው!”

ዞረ። ልጆቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ተደርድረው ባቄላቸውን በቋሊማ ይበላሉ። ጣቱን ሳያነሣ ቆጠራቸው። አራተኛው ላይ ሲደርስ፣ ከጥጉ አምስተኛው አየውና ጓንቱን ገና ያላወለቀ እጁን አወዛወዘለት። ኒካኖር ነበር።

ኤላዲዮ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ። ሃያ ዓመት ተጫውቶ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አሠልጥኖ፣ ከጀርባው የቆመውን ሰው አንድም ቀን ቆጥሮት አያውቅም።

ሴልሶን እጁን ይዞ ወደ ውጭ አወጣውና ነገረው። ሴልሶ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ቶሎ ወደ ልቡ ተመለሰ።

“ዳኛው አላየም። ሉሜሬሶችም አላዩም። እስከ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለፌዴሬሽኑ ካላመለከቱ አበቃ፤ ማንም ሊነካን አይችልም።”

“ቢያመለክቱስ?”

“ካልነገርካቸው ምን ብለው ያመለክታሉ? መቀርቀሪያው አይደለህም እንዴ? እንግዲያው ተቀርቀር!”

ተቀረቀረ። ሰኞ ጧት ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል፤ ሚስቱ ኤቴልቢና “እኔ ላንሣው” ስትለው “ተይው” ይላታል። መንገድ ላይ የጡረተኛ ከሰል ቆፋሪዎች እጁን እየያዙ ይስሙታል፤ አንዱ አባቱ የክለቡን የመጀመሪያ ግብ እንጨት እንደጠረበ ነገረው። ኤላዲዮ አመስግኖ አለፈ።

ማታ ሞይሴስ ደወለ።

“እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ። አይገባችሁም ነበር፤ ግን እንኳን ደስ ያለህ።”

“አንተስ እንዴት ነህ?”

“እኔማ ዛሬ ተሰናበትኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ መረቡን ላጥፍ፣ ኳሱን ላስረክብ። ስማ... ለመጪው ዓመት ረዳት ትፈልጋለህ? የልምምድ ኮን መደርደር አልረሳሁም።” ሣቀ፤ ሣቁ ግን አልዘለቀም።

ኤላዲዮ “እናያለን” ብሎ ስልኩን ዘጋ። ኤቴልቢና ከምድጃው በኩል አየችው። “ማን ሞተ?” አለችው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ባሕሩ ወረደ። የሄደው ሊናገር ይሁን ወዳጁን አይቶ ሊመለስ ራሱም አልቆረጠም ነበር። ሞይሴስን ባዶ ሜዳ ላይ ከግቡ ሥር ተንበርክኮ መረብ ሲፈታ አገኘው።

“ልትቀጥረኝ መጣህ?” አለው ሞይሴስ።

“እሑድ ዕለት ከተስፋው አምስት ልጆች ነበሩን።”

የሞይሴስ እጅ በመረቡ ላይ ቀረ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከራሱ ጋር ቆጠረ። ከዚያ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ደስታ የሚባል አልነበረም።

“ለምን ነገርከኝ?”

“እንድታውቅ ብዬ...”

“እንዳውቅ! ስድስት ዓመት አጠገብህ ቆሜያለሁ፣ ኤላዲዮ። በተጨነቅክ ቁጥር ኳሷን ለእኔ ታቀብላለህ፤ አጥቂው በእኔ ላይ ይመጣል። ጥርሴን ያወለቁት አንተ ባቀበልከኝ ኳስ ነው! ይኸው ዛሬም አቀበልከኝ። ብናገር ሶትሬዶን የገደልኩ እኔ፤ ዝም ብል ሉሜሬስን የገደልኩ እኔ። አንተ ንጹሕ ሰው ሆነህ ቤትህ ትገባለህ።”

የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰባት ሰዓት ከሩብ ደወለ። ባሕሩ ከግንቡ ወዲያ ይሰማል።

“ወረቀት አላችሁ?” አለ በመጨረሻ።

“ምን ልታደርግ?”

“አንተ አትጽፈውም። እኔ እጽፈዋለሁ።”

በሉሜሬስ ጽሕፈት ቤት በቆሻሻ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ በገዛ ክለቡ ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ በገዛ እጁ ጻፈ፤ ቀኑን፣ ሜዳውን፣ ደቂቃውን። የአምስቱን ልጆች ስም ሲዘረዝር ከበረኛው ጀመረ። ሞይሴስ የክለቡን ማኅተም አሳረፈበት፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነው ቀጥ ያለለት። የፋክስ መሣሪያው ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ዋጠው። ሁለቱም ወረቀቱ በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ ቆመው ተመለከቱት። አልተጨባበጡም።

ሶትሬዶ ሲደርስ ዶን ፋውስቲኖ ለአንድ ገበሬ ሰንሰለት እየለኩ ነበር። ገበሬው እስኪወጣ ጠበቀ።

“ዶን ፋውስቲኖ፣ አቤቱታ ገብቶብናል። አምስት የተስፋ ልጆች አሰልፌ ነበር። እንወርዳለን።”

ሽማግሌው ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። “ማነው ያስገባው?”

“እኔ ነኝ።”

ዶን ፋውስቲኖ የተረፈውን ሰንሰለት አንሥተው በመጠቅለያው መንኰራኩር ላይ መልሰው መጠቅለል ጀመሩ፤ ብረቱ እየተንኳኳ እስከ መጨረሻው ቀለበት ጠቀለሉት። ከዚያ የሜዳውን ቁልፍ ከግድግዳው ሚስማር አውርደው በጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠው ያ ቁልፍ ነበር። ቀና ብለውም አላዩት።

“ልጁ ያውቃል?” አሉ።

“የትኛው ልጅ?”

“በረኛው ነዋ። ጥፋቱ የእሱ እንዳይመስለው። ከሰው አፍ ሳይሰማ ሂድና ንገረው።”

ኒካኖር ሜዳው ላይ ነበር፤ ብቻውን ኳሷን ከግንቡ ጋር እያጋጨ ይይዛል። ኤላዲዮ በመሐል ሜዳው በር ገብቶ በጭቃው ላይ ወደ ግቡ መራመድ ጀመረ። መንገዱ ረዘመበት። ልጁ ከሩቅ አየው፤ አሠልጣኙ ሊያመሰግነው የመጣ መሰለውና፣ ጓንት ያጠለቀ እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘለት።