በጡሩምባ የተሾምኩበት የወርቅ ከተማ

ብቸናን ልለቅ ዋዜማ ማታ እናቴ በሶና ቆሎ እየቋጠረችልኝ፣ «መነገድ ካማረህ ሞጣ አይበቃህም? ስትናፍቀኝ በአንድ መኪና እመጣልሃለሁ» አለችኝ። የእኔ ልብ ግን ሸፍቷል፤ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ወርቅ የሚወጣበት ከተማ ሱቅ ልከፍት ነው። «ለፋሲካ እመለሳለሁ እማዬ» አልኳት። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ ለዚህ ነው ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ሆዴን የምትበላኝ።

የዓባይን ድልድይ ስሻገር በሙቀቱ ተማረርኩ። ሞኝነቴ! እዚህ ለኖረ ሰው ዓባይ በረሃ ጮቄ ተራራ ነው። ምግቡማ ፖሾ ይባላል፤ ከቅቤም ከበርበሬም የተጣላ ገንፎ ነው። አካፋ፣ ባትሪና ሳሙና የምሸጥባትን የቆርቆሮ ሱቅ ያከራየኝን ሰውዬ ጣሪያው ለምን እንደሚያፈስ ስጠይቀው፣ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! በጋ ላይ አያፈስም» አለኝ።

አንድ ቀን ኦኬሎ የሚባል ኡጋንዳዊ ወርቅ ቆፋሪ በወባ ሞተ። ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ አብረን ሻይ የምንጠጣ ወዳጄ ነበር። ዘመድ የለውም፤ በዚያ ከተማ ደግሞ ዘመድ የሌለው ሰው ቀባሪም የለውም። የብቸና ልጅ ይህን እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? እንደ አገሬ ዕድር ልለፍፍ ብዬ፣ ለልጆች መጫወቻ ካመጣኋቸው የፕላስቲክ ጡሩምባዎች አንዱን አንስቼ ጎህ ሲቀድ በየሰፈሩ እየዞርኩ ነፋሁት።

ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ! ሁሉም አካፋና ዶማ ይዟል። እንዲህ ለቀብር የሚቸኩል ሕዝብ ብቸናም የለ ብዬ ስደሰት፣ አንዱ አንገትጌዬን ጨምድዶ፣ «ወርቁ የት ነው?» አለኝ። ለካ አዲስ ወርቅ የተገኘ መስሏቸው ነው! ወደ ኦኬሎ ቤት ወስጄ ሬሳውን አሳየኋቸው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «በሉ እንሂድ፣ አካፋውን እንደሁ ይዘነዋል» አሉ። መቃብር ስፍራ ደርሰን ቆፈሩ፤ መቼም ቁፋሮ ያውቁበታል፣ ይብቃችሁ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ።

«ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስበሃል» አለኝ ሹሙ።

«ጌታዬ፣ ሟቹም ያለ ፈቃድ ነው የሞተው።»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም እዚህ ዘመድ የለኝም። በቀባሪዎችህ ማኅበር እኔንም ታስገባኛለህ?» አለኝ።

ዕድሩ እንዲህ ተቋቋመ። ሱዳናዊውም ኬንያዊውም ገባ፤ እኔም «ቸርማን»፣ ሊቀመንበር መሆኑ ነው፣ ተባልኩ። የውሃ ወረፋ ጠብ፣ የገበያ ቦታ ሽኩቻ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ ሳይቀር እኔ ዘንድ ይመጣል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ግን ፋሲካ ደርሶ ሻንጣዬን ባነሳሁ ቁጥር ሱቄን ከበው፣ «ቸርማን፣ አንተ ከሄድክ ማን ይቀብረናል?» ይሉኛል። እኔም እቀራለሁ።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። በቅርቡ ስለቀበርነው ኬንያዊ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደወጣለት፣ እኔንም እንዴት እንዳመሰገኑኝ በኩራት አወራኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ጎሽ የኔ ጌታ፣ ሰው አገር የሰው ሬሳ አይውደቅ» አለችኝ። «የኔን ቀብር ጎረቤቶቼን አደራ ብያቸዋለሁ፤ አንተ ሥራህን እንዳትፈታ።»