መኪናው አልነሳም ያለ ዕለት

ቢቸና ያሰሩኝ የአንዲት መበለት መሬት ያለ አግባብ ተቆርሷል ብዬ በቀበሌ ስብሰባ ስለተናገርሁ ነው። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ አየር በሳብሁ ቁጥር የጤፍ ብናኝ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ አንድ ሾፌር ታስሯል። በአሮጌ የጭነት መኪናው ተቃዋሚዎችን ወደ ስብሰባ አመላልሰሃል ብለውት ነው። ፊቱን ሳላይ ሳሉን ለመድሁት።

መኪናውን ወርሰው ግቢው ውስጥ አቁመውት ነበር። ሰማያዊ የነበረውን የመሥሪያ ቤት ለማስመሰል እስከ ሻንሲው፣ እስከ ሥረኛው ብረት ድረስ አረንጓዴ ቀቡት። የቀለሙ ሽታ ያለንበት ድረስ ይገባ ነበር።

አንድ ጠዋት ሁለታችንን ወደ ሞጣ እስር ቤት ሊወስዱን ፖሊሶች በሩን ከፈቱ። መኪናው ግን አልነሳም አለ። ቁልፉ ሲዞር "ቀጭ" ይልና ዝም። ከፊቱ ግድግዳ፣ ከኋላው ዳገት ስለነበረ ገፍተው ማስነሳትም አልቻሉም።

አዛዣቸው ሾፌሩን በካቴና አስወጣው።

"ምን አድርገህ ነው ያበላሸኸው?"

"ጌታዬ፣ ከታሰርሁ ወዲህ አልነካሁትም።"

"አሻጥር ነው። ሞጣ ስትደርስ ይቺም ክስ ትጨመርልሃለች።"

የሾፌሩ ፊት አመድ መሰለ። ሰው መጫኑ ብቻ ቢሆን ይፈቱት ይሆናል፤ በአሻጥር የተከሰሰ ግን ቶሎ እንደማይወጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

"እባካችሁ ቀርቤ ልየው።"

"አትጠጋውም!"

"እንግዲያው ከዚሁ ልንገራችሁና አንዳችሁ እዩት።"

"ደግሞ እስረኛ ሊያዘን?" ብሎ የፖሊሶቹ ሾፌር ሳቀ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። "ሳይታይ ይፈረዳል?" አልሁ። "እሱ ይናገር፣ እኔ ልንካው። ከተበላሸም እኔን ጨምራችሁ ክሰሱኝ።"

"እማማ፣ እርስዎ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?" አለ አዛዡ።

"ምንም። እጅ ግን አለኝ።"

አንዱ ፖሊስ ሳቁን ዋጠ። አዛዡ ሰዓቱን አየና "እስቲ ይሞክሩ" አለ።

ሾፌሩ ከግድግዳው ሥር ሆኖ ተናገረ። "የፊት መብራቱን አብሩት።" ደምቆ በራ። "ባትሪው አልሞተም። አሁን ቁልፉን አዙሩት።" ቀጭ አለና መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። "መብራቱ ባይጠፋ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ነው እል ነበር። ከጠፋ ግን ኃይሉ መንገድ ላይ ተይዟል። ደጋግማችሁ አዙሩት። እማማ፣ እርስዎ ከባትሪው የሚወጡትን ገመዶች ጫፍ ጫፋቸውን ይዳብሱ። በደንብ ያልተያያዘው ይግላል።"

የጋለ ካላገኘሁ በሰውዬው ላይ በገዛ እጄ አስፈረድሁበት ማለት ነው። ባትሪው ላይ ያሉት ሁለቱም ጫፎች ቀዝቃዛ ሆኑብኝ። ጥቁሩን ገመድ ተከትዬ ሻንሲው ላይ እስከታሰረበት ወረድሁ። ቡሎኑ ጣቴን ለበለበኝ።

"እዚህ ነው!"

የፖሊሶቹ ሾፌር ሳይወድ ፈታው። ከሥሩ ራቁት ብረት መኖር ሲገባው ያገኘነው አረንጓዴ ቀለም ነበር። ሲቀቡት ገመዱን ፈትተው፣ መልሰው እላዩ ላይ አስረውታል። እስረኛው ሾፌር ዝግ ብሎ "ቀለም ኃይል አያሳልፍም፤ ይፋቅ" አለ።

ካቻቢቴ ተቀብዬ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፋቅሁት። የምናስነሳው መኪና ወደ እስር ቤት እንደሚወስደን አልጠፋኝም። ገመዱ ታሰረ፤ ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ አጓራ።

"መኪናው ላይ ውጡ!" አለ አዛዡ።

ሾፌሩ እግሩን አነሳ። እኔ አልተንቀሳቀስሁም።

"መጀመሪያ እሱ አሻጥር አልሠራም በል" አልሁት አዛዡን።

"እማማ፣ ይውጡ ብያለሁ።"

"ተሸክማችሁ ካልጫናችሁኝ በእግሬ አልወጣም።"

ፖሊሶቹ ተያዩ። አዛዡ በጥርሱ መሐል "ምንም አላደረገም" አለ።

"ጮክ በል ልጄ፣ አርጅቻለሁ፣ አይሰማኝም።" ጆሮዬስ ደህና ነበር።

"ሾፌሩ ምንም አላበላሸም!"

ግቢው ሁሉ ሰማ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ሾፌሩ በታሰረ እጁ ደገፈኝ። እስከ ሞጣ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነበር።

የአሻጥሩ ክስ እንዳልተጨመረበት ከተፈታሁ በኋላ ሰማሁ። መኪናውን ግን አልመለሱለትም። ዛሬም በገበያ ቀን አሮጌ መኪና ቀጭ ብሎ ሲቀር ከሰማሁ ቆም ብዬ መብራቱን አያለሁ። ያ አረንጓዴ ቀለም ጥፍሬ ሥር ገብቶ ብዙ ሰነበተ። ላወጣው አልቸኮልሁም።