አንድ ሊትር፣ ግማሽ ኪሎ

በስደት ሳለሁ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ በነበርኩበት ቪላ ማዳም የማታሰምረው ነገር አልነበረም። የዘይቱን ጠርሙስ በሰማያዊ ብዕር ታሰምራለች፣ የወይኑን ታሰምራለች፣ የአይስክሬሙን የፕላስቲክ ዕቃ ሳይቀር የቀረው እስከየት እንደሆነ ጎኑ ላይ አስምራ ክዳኑን ትገጥማለች። ሌላው ሰው ሌባ ሲፈራ በር ይቆልፋል፤ እሷ ብዕር ታወጣ ነበር።

እኔ ቤት ጠራጊ ሆኜ ስገባ ምግብ የምትሠራው ሥራውን ያገኘችልኝ ትልቅ ሴት ነበረች፤ እትዬ ነበር የምላት። በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን ማዳም አይስክሬሙን ከፍሪዘር ስታወጣ ከመስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ አገኘችው። እትዬ በማርያም ማለች። "መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ነው እንጂ እኔ አልነካሁም" አለች።

"ቢቀልጥ የት ይሄዳል? ዕቃው አያፈስም!" አለች ማዳም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በልታዋለች ብዬ አምኜ ነበር። እትዬ ተባረረች፤ በሳምንቱ የእሷን ሽርጥ ታጥቄ ምድጃው ፊት ቆምኩ።

ማዳም አይስክሬም ያለበት ኬክ ትወድ ነበር። የምግብ ደብተሯ በሊትር ይናገራል፣ ሚዛናችን በግራም። "አይስክሬም አንድ ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ነው፤ የቀረው አየር ነው" ብላ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ለአየር ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሉታል እያልኩ በሆዴ እስቅባት ነበር።

ዓመት አልፎ ሙቀቱ ሲመለስ፣ ማዳም ሁለት ቀን ከከተማ ወጥታ ሳለ መብራት ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠፋ። ጀነሬተሩም ተበላሽቶ ነበር። ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፍሪዘሩን ከፈተች። መስመሩ አጠገብ በራሷ እጅ "1 ሊትር" ተብሎ ተጽፏል። አይስክሬሙ ግን ከሱ ሁለት ጣት በታች ደርቆ ተቀምጧል።

"አንቺም?" አለችኝ።

የመኖሪያ ወረቀቴ በእሷ በኩል የወጣ ነው፤ ካባረረችኝ መንገዴ ወደ ከባድ መኪኖች ማቆሚያው ፔካ 12፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ አገር ቤት ነበር። እናቴ ደግሞ በእኔ ደመወዝ ነው የምትኖረው።

"ማዳም፣ መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ነው" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የእትዬ ቃል መሆኑ ገባኝ።

"ቢቀልጥ የት ይሄዳል?" አለች። እሷም ያኔ ያለችውን ነበር የምትደግመው።

ይሄን ጊዜ ንዴቴ መጣ። ንዴት ሲይዘኝ ፍርሃት አላውቅም። "ግማሹ አየር ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? አየሩ ወጥቶ እንደሆነስ? ይመዝኑት!"

ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። መልስ ሳልጠብቅ እንደዚያው ያለ ባዶ ዕቃ አምጥቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና መርፌውን ዜሮ ላይ መለስኩ። ባዶውን አንስቼ አይስክሬሙን ተካሁ። መርፌው ወዲያ ወዲህ አለ። ከግማሽ ኪሎ ካነሰ ልብሴን መሰብሰብ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለታችንም ሚዛኑ ላይ አጎነበስን።

መርፌው ግማሽ ኪሎ ላይ ቆመ።

ማዳም ክዳኑን ገጠመች። "በረዶ ሆኗል፣ ጣይው" ብላ ወጣች። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ተረፍኩ ብዬ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ደስታዬ ግን ከወንበሩ እስክነሳ እንኳ አልቆየም። እትዬም አልበላችም ነበር።

አርብ እረፍቴ ስለሆነ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እትዬ እዚያ በሯ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ ፊቷን ላለማየት ስል ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ስለ መስመሩም፣ ስለ አየሩም፣ ስለ መርፌውም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሊጡን መጠቅለሏን አላቆመችም።

"እትዬ፣ አልበላሽም ነበር እኮ! በሚዛን ተረጋገጠ!" አልኳት፤ እንባዬ መጣ።

"እኔ አለመብላቴን ለማወቅ ሚዛን አላስፈለገኝም" አለች፣ ሳምቡሳውን ዘይት ውስጥ እየከተተች። "ማዳምን አልተቀየምኳትም። እሷማ አታውቀኝም።"