የሺሐረግና ወፍራሙ አፈሙዝ

የሺሐረግ ስትናደድ አትጮህም፤ ዕቃ ትደረድራለች። የብሎን መፍቻ ቺያቤዎቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ትደረድርና ጥቂት አየት አድርጋ፣ ሁሉንም አፍርሳ ከትንሽ ወደ ትልቅ ትጀምራለች። በዚያ ሳምንት ታዲያ የክለቡ ዕቃ ቤት አምሮበት በማያውቀው መጠን አማረበት። አንድ ነገር ፈልጎ የመጣ ሰው ከበሩ ላይ መደርደሪያውን ያይና «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብሎ ይመለስ ነበር።

ያናደዳት አንድ አፈሙዝ ነው።

ሴትዮዋ ከብረት ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። አባቷ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበሩ፤ እሷም አቃቂ ጣቢያው አጠገብ ተወልዳ የሐዲድ ኳኳታ እየሰማች አደገች። ገና በወጣትነቷ ብረታ ብረት ፋብሪካ ገብታ፣ ወንዶቹ «ይቺ ቀጫጫ ምን ልትሠራ ነው?» እያሉ ሲስቁ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆመች። ሳቁ አለቀ፣ እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ወገቧ እምቢ ሲላት ፋብሪካው ወደ ስፖርት ክለቡ አዛወራትና የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነች። ኳሱም፣ ማሊያውም፣ በብረት ሣጥን የተቆለፉት የተኩስ ቡድኑ ጠመንጃዎችም በእሷ እጅ ናቸው። የሣጥኑን ቁልፍ ከመስቀሏ ጋር በማተቧ አስራ አንገቷ ላይ ይዛዋለች።

ከጠመንጃዎቹ አንዱ ሃዊ የምትወዳደርበት ነው፤ ትንሿን ጥይት የሚጎርስ፣ አንዱን ሲተኩስ ሌላውን ራሱ የሚያቀባብል ባለ ሃያ ሁለት። ሃዊ የገላን ልጅ ናት። አያቷ ገብስ ያጭዱበት በነበረው መሬት ላይ በተሠራው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይታ ትኖራለች፤ ይህን ስትናገር ራሷ ትስቃለች። ክለቡ የያዛት በኮንትራት ነው። እሑድ በሚደረገው ማጣሪያ የተቀመጠውን ነጥብ ካመጣች ቋሚ ትሆናለች፣ ካላመጣች ኮንትራቱ አይታደስም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ቀዳዳ የለውም።

የጠመንጃው የድሮ አፈሙዝ ውስጡ ተበልቶ ነበርና የሺሐረግ ኃላፊዎቹን ደጅ ጠንታ፣ ተሟግታ፣ አንዳንዴም አኩርፋ ወፍራም የውድድር አፈሙዝ አስመጣች። «ይህ ከገባልሽ ብትስቺ አንቺ ነሽ እንጂ እሱ አይስትም» አለቻት ሃዊን። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል እንዲሉ፣ ያን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስታላምጠው ሰነበተች።

ወፍራም አፈሙዝ መግጠም ቀጭኑን ነቅሎ እሱን መሰካት ብቻ አይደለም። የሰደፉ እንጨት የተቦረቦረው በቀጭኑ ልክ ስለሆነ ወፍራሙ አይገባበትም። ቢገባም ዙሪያው ነፃ መሆን አለበት፤ እንጨቱ ከነካው በተተኮሰ ቁጥር ይገፋዋል፣ ጥይቱም ወደ ፈለገበት ይሄዳል። የሺሐረግ ብርጭቆ ወረቀት ቱቦ ላይ ጠቅልላ እንጨቱን ቀስ እያለች ፋቀችው። አፈሙዙን ገጠመች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች፣ ከዚያም ከቦርሳዋ አንድ የብር ኖት አውጥታ በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራተተችው። ኖቱ የትም ሳይያዝ አለፈ። የቀረው የተፋቀውን እንጨት ቫርኒሽ መቀባት ነበር።

«ቫርኒሹ እስኪደርቅ ልንጠብቅ ነው?» አለ አሰልጣኙ ተስፋሚካኤል። «ልጅቷ ትለማመድበት እንጂ፣ የሺ! ከውድድሩ በኋላ ትቀቢዋለሽ።»

እሺ አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለች ሰውን ስትመክር የኖረች ሴት፣ እሺ አለች።

እማማ ፀሐይቱ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። የክለቡን ግቢ የሚጠርጉ አሮጊት ናቸው፤ በዚያ ግቢ አዲስ ነገር ገብቶ እሳቸው ጠበል ሳይረጩበት ሥራ የጀመረ የለም። የውሃ ታንከሩ ተረጭቷል፣ የጥበቃው የአቶ ጣሰው ልጅ ባጃጅ ተረጭቷል፣ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር እንኳ በስንት ልመና ክዳኑ ብቻ ተረጭቶ ነው የታለፈው። ጠበሉን ማልደው ከደብሩ በሃይላንድ ይቀዱታል። ሲረጩም አይቆጥቡም፤ «በጠበል አይሰሰትም» ይላሉ። ጠመንጃው ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሲያገኙት «በስመ አብ» ብለው ከላይ እስከ ታች አጠጡት።

የሺሐረግ ጨርቅ ይዛ ዘላ ደረሰች። የብረት ሰው ናትና ዝገት ከሰይጣን በላይ ያስፈራታል። እጇ የደረሰበትን ብረት ሁሉ ወልውላ ዘይት አስነካችውና ልቧ ተረጋጋ። እንጨቱን ማን አይቶት!

በማግሥቱ ሃዊ ተኮሰችበት። አንዱ ጥይት ወደ ግራ ሄደ፣ ሌላው ሽቅብ፣ ሌላው ከዒላማው ጠርዝ ላይ አረፈ። በተበላው አፈሙዝ እንኳ እንዲህ ሆና አታውቅም።

«እትዬ የሺ፣ አፈሙዙ ነው» አለች ሃዊ።

«አፈሙዙ አይደለም። አንቺ ነሽ፤ ትከሻሽን ገትረሽዋል።»

ተስፋሚካኤል «እስቲ ልየው» ብሎ ራሱ ተኝቶ ተኮሰ። የእሱ ደግሞ ባሰ። የሺሐረግ ወደ ዕቃ ቤት ተመልሳ ቺያቤዎቹን ደረደረች።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው የለም። ማነጣጠሪያውን ፈትታ ገጠመች፣ ጥይቱን ከሌላ ካርቶን አደረገች፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ደጋግማ አጠበቀች። አንድ ቀን ይሻለዋል፣ በማግሥቱ ይብስበታል። የብር ኖቱን ግን እንደገና አላስገባችም። አንዴ ለክታዋለች፤ እሷ የለካችው ደግሞ ተለካ ማለት ነው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ እማማ ፀሐይቱ መላውን አገኙት። «ዓይን ነው፣ ልጄ። ያ የሌላው ክለብ አሰልጣኝ መጥቶ ‹ወይ አፈሙዝ!› ብሎ አድንቆ፣ እንትፍ እንትፍ ሳይል አይደል የሄደው?» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይረጩት ጀመር። የሺሐረግ ብረት በዓይን ይታመማል ብላ አታምንም። ሐሙስ ዕለት ግን ራሷ ጠመንጃውን አምጥታ ፊታቸው አጋደመችው።

«ይርጩት እማማ፣ ይርጩት! የቀረ ነገር የለም!»

እሳቸው ረጩ፣ እሷ ብረቱን ወለወለች፣ ሃዊ ሳተች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

«የድሮውን ይመልሱልኝ» አለች ሃዊ።

«የተበላ አፈሙዝ ይዘሽ ማጣሪያ ልትገቢ?»

«እሱ እኮ ቢያንስ ወዴት እንደሚስት አውቀዋለሁ።»

ይህን ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወደ ታክሲው ሄደች። የሺሐረግ ከኋላዋ እያየቻት ቀረች። ለልጅቷ ተስፋ የሰጠቻት እሷ፣ ተስፋዋን የነጠቀቻትም እሷ ናት።

ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። አርብ ጠዋት የሺሐረግ ገና ቺያቤዎቹን ስታፈርስ የዕቃ ቤቱ የእንጨት በር ከውጭ ተገፋ፤ አልከፈት አለ። እንደገና ተገፋ። በሦስተኛው አቶ ጣሰው በትከሻቸው ገጭተው ከበሩ ጋር ተንደርድረው ገቡ።

«ይሄን በር ከታች ፋቂው ስልሽ ክረምቱን ሙሉ!» አሉ ትከሻቸውን እያሹ። «ውሃ ሲጠጣ ያብጣል አላልኩሽም? እንጨት አይደለ እንዴ!»

የሺሐረግ ቺያቤውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልብ ካላየ ዐይን አያይም። ቁልፉን ከአንገቷ ጎትታ ሣጥኑን ከፈተች፣ ጠመንጃውን አወጣች፣ የብር ኖቱን ከአፈሙዙ ሥር ሰደደችው። ኖቱ ጥቂት ገብቶ ቀጥ አለ። ብትገፋው ተጨማደደ። ቫርኒሽ ያልነካው እንጨት ሳምንቱን ሙሉ ጠበሉን ሲጠጣ ከርሞ፣ አብጦ፣ አፈሙዙን ቀፍድዶ ይዞታል።

ሰደፉን ፈትታ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ እማማ ፀሐይቱን መጠበቅ ጀመረች። የምትናገረውን ሁሉ አዘጋጅታለች፤ ለባጃጅና ለጠመንጃ ጠበል አንድ እንዳልሆነ፣ የሰው ልጅ እንጀራ በሃይላንድ ውሃ እንደማይቀለድበት፣ ሁሉንም ልትነግራቸው።

አሮጊቷ በር ላይ ብቅ አሉ። ነጠላቸው ጫፉ ጭቃ ነክቶታል፤ ከደብሩ እስከ ክለቡ ያለውን ዳገት በባዶ ሆዳቸው በእግራቸው ወጥተውት ያለከልካሉ። ጾም ነበር። ሃይላንዱን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል።

«ዛሬስ አባን ለብቻው አስጸልዬበት ነው ያመጣሁት» አሉ። «ለሃዊዬ።» ከዚያ የተሰጣውን እንጨት አዩ። «ምነው ፀሐይ ላይ?»

የተዘጋጀው ንግግር ሁሉ ከየሺሐረግ አፍ ጠፋ። «ረጥቦ ነው» ብቻ አለች።

እማማ ፀሐይቱ እንጨቱን አዩ፣ ሃይላንዱን አዩ፣ እሷን አዩ።

«እኔ ነኛ ያበላሸሁት?»

«አይ፣ እማማ። ቫርኒሽ ሳልቀባ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አሮጊቷ ሃይላንዱን ከግንቡ ሥር አስቀምጠው በመጡበት ወጡ። ሲመለሱ በነጠላቸው የጧፍ እስር ይዘው ነበር። «ሰም ውሃ አያሳልፍም፤ ይህንን ታውቂያለሽ» አሉና ወደ መጥረጊያቸው ሄዱ።

እንጨቱ ዋለ፣ ደረቀ። ቅዳሜ የሺሐረግ ደግማ ፋቀችው፣ የጧፉን ሰም አቅልጣ ውስጡን አጠጣችው፣ አፈሙዙን ገጠመችና የብር ኖቱን አሳለፈች። ሁለት ጊዜ አሳለፈችው። ሃዊ ተደውሎላት ፊቷን እንዳጠቆረች መጥታ ተኮሰች። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው በአውራ ጣት የሚሸፈኑ ሆኑ።

«አንቺ ነሽ ብለውኝ ነበር» አለች ሃዊ፣ ዓይኗን ከዒላማው ሳትነቅል።

«ብዬሻለሁ፤ ተሳስቻለሁ። አሁን ዝም ብለሽ ተኩሺ።»

እሑድ ሃዊ ተራዋ ሲደርስ የሺሐረግ ማየት አቅቷት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ የምትደረድረው ቺያቤ እንኳ አልነበራትም። ውጤቱ ሲነገር ሃዊ የተቀመጠውን ነጥብ በትንሽ አልፋዋለች። ተስፋሚካኤል ጮኸ፣ አቶ ጣሰው ኮፍያቸውን ወረወሩ፣ ሁሉም ወደ ልጅቷ ሮጡ። እማማ ፀሐይቱ ብቻ ከተመልካች መከለያው ገመድ ባሻገር፣ ከሰው ሁሉ ርቀው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው እንደቆሙ ቀሩ።

«እማማ!» ብላ ጮኸች የሺሐረግ። ሳምንቱን ሙሉ ያልጮኸች ሴት ያን ጊዜ ጮኸች። «ምን ይገትርዎታል እዚያ? ይምጡ እንጂ! ጠበሉን ይዘው ይምጡ!»

አሮጊቷ ቀስ ብለው እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው አሳዩዋት። ባዶ ነበር።

«አላመጣሁም፣ ልጄ። ደግሞ እንዳላበላሽባት ብዬ ትቼው መጣሁ።»

የሺሐረግ የሃዊን ክንድ ይዛ ከሰዉ መሐል ጎተተቻትና ገመዱን አሻግራ ከአሮጊቷ ፊት አቆመቻት። ከዚያ ራሷም ከጎኗ ቆማ ነጠላዋን ከአናቷ ላይ ገፋ አደረገች።

«እንዲያ ከሆነ በደረቁ ይመርቁን» አለችና አንገቷን ደፋች።