በፍል ውሃ የታጠበው ቲማቲም

በሽታው በገባበት በጋ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከባሕር ዳር ወጥቼ ወንዛዬ አጠገብ በምትገኝ የገበሬዎች መንደር ውስጥ አስተምር ነበር። በሽታው አጣዳፊ ተቅማጥ ነበር፤ ጧት ደህና የነበረን ሰው ማታ ያስተኛል። እንዳይዛመት ሲባል ገበያዎች ተዘጉ። በዚህ የተነሣ በጉማራ ወንዝ መስኖ የለማው የገበሬዎች ማኅበሩ ቲማቲም ቀልቶ ገዢ አጣ። መንደሩ ውስጥ ቲማቲም የሚበላ ጥቂት ነው፤ የተተከለው ለከተማ ነበር።

በመጨረሻ ባሕር ዳር ያለ አንድ የሸማቾች ማኅበር መኪና ሊልክ ተስማማ። የመጀመሪያው ጭነት ደህና ከገባ መኪናው በየሳምንቱ ይመጣል፤ ጭነቱ ከተበላሸ ግን መኪናው አይመለስም። ይህን ያስታወቀውን ደብዳቤ ለመንደሩ ሰዎች ያነበብሁላቸው እኔ ስለ ነበርሁ ጭነቱን የማድረስ አደራም ለእኔ ተሰጠኝ።

አደራውን በደስታ ተቀበልሁ። ከጤና ጥበቃ የመጣው መመሪያ አትክልት ከመበላቱ በፊት ፈልቶ በበረደ ውሃ ይታጠብ ይላል። እኔም ከሚበላበት ይልቅ ከሚነሣበት ብናጥበው ይበልጣል ብዬ አሰብሁ። ያን ሁሉ ውሃ ለማፍላት ግን ማገዶ ከየት ይመጣል? መልሱን ያገኘሁት እዚያው ነው፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ አለ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ተሕዋስያኑን ከነጭራቸው ሣልሁ፤ ሙቀት እንደሚገድላቸው አስረዳሁ፤ ከዚያም እግዜር ራሱ ያፈላው ውሃ እያለን እንጨት መፍጀት እንደማያስፈልገን በሦስት ነጥብ ከፍዬ አብራራሁ።

ከኋላ የሚቀመጡ አንዲት ባልቴት እጃቸውን አወጡ። ማሳቸውን በሙሉ ቲማቲም ያደረጉ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ልጄ፣ ቲማቲም እኮ ገላ አይደለም። እርጥብ ሆኖ ከተጫነ ይላሽቃል።»

«እማማ፣ በዓይንዎ የማያዩት ነገር አለ።»

«ይኑር። አንተም እኔ የማየውን እይልኝ እንጂ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ማብራሪያዬን ከመጀመሪያው ደገምሁላቸው። «እሺ» ብለው ተቀመጡ። የተስማሙ መሰለኝ።

በመጫኛው ቀን ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ቲማቲሙን ወደ ፍል ውሃው እያመላለሱ አጠቡ። አጥበን ስንጨርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። ሾፌሩ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጣል ያደረጉ ጎልማሳ ናቸው። እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኋቸው፤ ጭነቱ ላይ ተሳፋሪ እንዳይወጣም ከለከልሁ። በዚህ እየተነጫነጩም ቢሆን እሺ አሉ።

«ጋሼ፣ ዝንብ እንዳይገባ ሸራውን ጥብቅ አድርገው ይሰሩት።»

«መምህር፣ የጫንነው ቲማቲም ነው ወይስ እስረኛ? ይተንፍስ እንጂ!»

«መመሪያ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሁና» አሉና ገመዱን ሳቡት።

ከዓባይ ድልድይ ወዲህ የጤና ኬላ ቆሞ ነበር። መኪኖች ተደርድረው ስለ ነበር ሐሩሩ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ቆምን። ከሸራው ስር ቀይ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ሽታውም እንደ ጠላ ድፍድፍ ሆነ። ተራችን ሲደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት የጤና ሠራተኛ መጣች።

«ለምን ረጠበ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። መታጠቡን፣ በምን እንደ ታጠበ፣ ለምን ማገዶ እንዳልፈጀን በቅደም ተከተል ነገርኋት። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አሳሉ። አልገባኝም፤ ቀጠልሁ።

«ወንዛዬ?» አለች። «ሰው የሚታጠብበት ፍል ውሃ?»

«አዎ፣ ሙቀቱ እኮ...»

«ጓድ መምህር፣ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ሙቀት ምን ይገድላል? ደግሞስ በሽተኛው ለመዳን የት ሄዶ ነው የሚታጠበው?»

ያን ጊዜ ከየአገሩ በቃሬዛ እየመጡ እዚያ የሚነከሩት ሕሙማን ታዩኝ። በየቀኑ አጠገባቸው አልፍ ነበር። አይቻቸውም ነበር፤ ከማስተምረው ጋር አላገናኘኋቸውም እንጂ።

ጭነቱ ኖራ በተነሰነሰበት ጉድጓድ ውስጥ እንዲቀበር አዘዘች። ሾፌሩ ከመኪናው ወረዱ።

«እኅቴ፣ ከኋላ ያሉት አራት ቅርጫቶች ውሃ አልነካቸውም።»

ዞር ብዬ ሾፌሩን አየኋቸው።

«የአሮጊቷ ናቸው» አሉኝ። «‹ለመምህሩ እንዳትነግርብኝ፣ ይከፋዋል› ብለውኝ ነው።»

ጤና ሠራተኛዋ በአራቱ ቅርጫቶች ውስጥ በተጎዘጎዘው ሳር መካከል እጇን ከተተች። ደረቅ ነበር። ቲማቲሙም ከነአረንጓዴ ቅጠሉ ጠንካራ እንደ ሆነ ነው። አራቱ አለፉ፤ የቀረው እያየሁት ጉድጓድ ገባ። ከተማ ስንደርስ የሸማቾች ማኅበሩ ሰው አንዱን ፍሬ በጣቱ ጫን አድርጎ አየና፣ «ሁሉም እንዲህ ከሆነ መኪናውን እንልካለን» አለ።

በማግስቱ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ምን እያልህ ነው?» አሉ ሾፌሩ።

«የምነግራቸውን እያዘጋጀሁ ነው።»

«ረጅም ነው?»

«ትንሽ ይረዝማል።»

«እንግዲያው ወረፋውንና ፀሐዩን አስገብተህበታል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

እውነታቸውን ነበር። ወረፋው በአንደኛ፣ ፀሐዩ በሁለተኛ ተራ ቁጥር ላይ ነበሩ፤ እኔ መጨረሻ ነበርሁ። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ሾላ ስር ተሰብስበው ሲጠብቁኝ፣ «ያጠብንበት ውሃ ንጹሕ አልነበረም፤ እጠቡ ያልኋችሁ እኔ ነኝ፤ የገባው የእማማ ብቻ ነው» ብዬ አበቃሁ።

እኔ የጠበቅሁት ስድብ ነበር። አንድ ገበሬ ግን በቀስታ፣ «አንተ ተሕዋስያን የለበትም ካልኸን ወዲህ ሚስቴ ለልጁ የሚጠጣ ውሃ ከዚያ ነው የምትቀዳው» አለ።

«ዛሬውኑ ተዉት!» አልሁት። «በእሳት ያልፈላ ውሃ አይጠጣ።» ወደ ቤቱ እየሮጠ ሄደ። ልጁ ደህና ነበር፤ እኔ ግን ያን ሳምንት በጧት በጧቱ ደጁ ሳልደርስ አልዋልሁም።

ለሁለተኛው ጭነት ቲማቲሙ የተለቀመው በዋዜማው፣ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ነው። ባልቴቷ በየማሳው እየዞሩ አስለቀሙ፤ የተሰነጠቀውን ለዩ፤ ደህናውን ጥላ ስር በገለባ ላይ አሳደሩት። ጎሕ ሲቀድ ተጫነ። ሸራው ለጥላ ብቻ ከላይ ተወጠረ፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ሆነ። አደራ ተቀባይ በሚለው ቦታ ላይ የእሳቸውን ስም ጻፍሁና ጋቢና አስገባኋቸው። እኔም ወደ ፍል ውሃው ወርጄ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ውሃውን እንዳይጠጣው ስናገር ዋልሁ። ግማሹ ሰማኝ፤ ግማሹ ከተሜ ምን ያውቃል ብሎ ሰደበኝ።

መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ። ባዶዎቹ ቅርጫቶች እርስ በርስ ተደራርበው ነበር። ባልቴቷ ወገባቸውን ይዘው ከጋቢናው ወረዱ።

«ገባ፣ እማማ?»

«ገባ። ለሳምንት ሁለት መኪና ይሉናል።» ነጠላቸውን አራገፉ። «ያቺ የኬላዋ ልጅ ግን ጥያቄዋ አያልቅም። ‹ለምን ሳታጥቡት መጣችሁ?› አትለኝም! ‹የሚበላው ሰው ቤቱ አፍልቶ ይጠበው፤ እኔ ቲማቲም ነው ያመጣሁልሽ› አልኋት። አሳለፈችኝ።»