የሁለት ወንድማማቾች ሞሪስ

ሰው በሠላሳ ዓመቱ ማበድ ከፈለገ መጠጥ አለለት፣ ካርታ አለለት፣ ፖለቲካም አለለት። እኔ የመረጥኩት አሮጌ መኪና ነበር። ጊዜው የሰማንያዎቹ ማብቂያ ነው፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ስለ ፈሳሽ ነገሮች አካሄድ አስተምራለሁ። ውሃ በቧንቧ ውስጥ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚንቀራፈፍ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ሳስረዳ ከእኔ ወዲያ ሊቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር የተከራየሁት ቤት ቧንቧ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚያንጠባጥበው። ባለቤቴ ይህን ሳታነሳብኝ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እሷ የጨንቻ ልጅ ናት፤ መኪናዋንም ያገኘኋት በእሷ ሰበብ ነው። የአክስቷ ልጅ ስታገባ ለሠርጉ ወደ ደጋው ወጥተን ነበር። ጠላው የግድ ያለኝን ጉዳይ ልፈጽም ከድንኳኑ ወጥቼ ከእንሰቱ ጀርባ ዞር ስል፣ ከቀርከሃ ዳስ ሥር ሁለት ክብ ዓይኖች አፈጠጡብኝ። ደንግጬ ጉዳዬን አቋረጥኩ።

ሞሪስ ነበረች። እንግሊዝ ሠራሽ፣ የፊት መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ፣ ጀርባዋ ክብ ያለ ትንሽ መኪና። አንድ ዶሮ የሾፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ታቅፋ በንቀት አየችኝ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አንድ ዳኛ እንዲህ ዓይነት መኪና ነበራቸው። ሊታጠፉ ሲሉ ከበሩ አጠገብ ጣት የምታህል ብርቱካንማ ክንድ ብቅ ትላለች፤ ከታጠፉ በኋላ ትገባለች። እኛ ልጆች ያቺን ክንድ ለማየት ብለን ብቻ መንገድ ዳር እንቆም ነበር። ያን ቀን ከእንሰቱ ጀርባ፣ በአቧራው ውስጥ ክንዷን ፈልጌ በእጄ ጎተት ሳደርጋት ብቅ አለች። አለቀልኝ።

የመኪናዋ ባለቤት የሠርጉ እንግዳ ነበሩ፤ ቀጭን ሽማግሌ፣ በሁለት ቃል መካከል አንዴ የሚያስሉ። ይሸጡልኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው ሲጠብቁኝ የኖሩ ይመስል ጊዜ አላጠፉም።

«ውሰድ፣» አሉኝ። «የአንድ በግ ዋጋ ስጠኝ። አንድ ዕቃ ብቻ የለውም። ካርቡሬተር የለውም።»

ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ዕቃ ነው። ያለ እሱ መኪና የዶሮ ቤት ነው።

«የት ሄደ?» አልኳቸው።

በበትራቸው ሠላሳ እርምጃ የማይርቅ ቤት አመለከቱ። «ወንድሜ ቤት።»

«ታዲያ አሁኑኑ ሄደን እንጠይቃቸዋ!»

ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሽማግሌው አሳላቸውና «እኔና እሱ አንነጋገርም» አሉ።

ታሪኩን የነገረችኝ ስንመለስ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ሸማ እየሠሩ ለዓመታት ካጠራቀሙ በኋላ መኪናዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ገዙ። ለመስቀል አገር ቤት ገቡ። ገበያ መሃል ሲደርሱ ታላቅየው መሪ ይዘው፣ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ታናሽየው ከኋላ ወንበር ከሁለት ከረጢት ገብስ ጋር ነበሩ። ከፊት ወንበር የተቀመጠው እንዳይሰበር የተፈራለት ራዲዮ ነው። ሕዝቡ ታላቅየውን አቅፎ ሳመ፤ ታናሽየውን አንዲት አሮጊት «አንተ ደግሞ ከየት ተሳፈርክ?» አለቻቸው። በማግሥቱ ታናሽየው የሞተሩን ክዳን ከፍተው ግማሽ ድርሻዬ ነው ያሉትን ነቅለው ቤታቸው ገቡ። ይኸው ሃያ ዓመት አልፎታል። አንዱ መኪና ያለ ካርቡሬተር፣ ሌላው ካርቡሬተር ያለ መኪና ይዘው በአንድ ጓሮ ያረጃሉ።

እኔ በዚህ ከልቤ ሳቅሁ። ካርቡሬተር እንደሆነ የትም ይገኛል ብዬ መኪናዋን ለሙዝ ጭነት አርባ ምንጭ አጠገብ ወዳለችው ጫኖ በሚወርድ አይሱዙ ላይ አስጫንኩ። ዶሮዋ እስክትፈለፍል መጠበቅ ነበረብን፤ ሽማግሌው በዚያ ላይ አልደራደርም አሉ።

ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ኖርኩ። የደረቀውን ሞተር ናፍጣ አጠጥቼ ለሳምንታት ከጠበቅሁ በኋላ አንድ ከሰዓት በእጄ ስገፋው እሺ ብሎ ዞረ፤ በደስታ ስነሳ ጭንቅላቴን በኮፈኑ ተፈነከትኩ። ፍሬኗን አደስኩ፣ ካንዴላዎቿን ቀየርኩ፣ የአይጥ ጎጆ የሆነውን ወንበር አስለበጥኩ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ «እግዜር ይማርልህ» ይሉኝ ነበር፤ ቤቱ ሕመምተኛ ላለበት ሰው የሚባለውን።

ካርቡሬተሩ ግን የትም አልተገኘም። ሶዶ ጠየቅሁ፤ የለም። ሻሸመኔ አንድ ዕቃ ሻጭ «ሞሪስ ማነው? ያላስቀመጠውን ዕቃ ከየት እናመጣለታለን?» ብሎ መለሰኝ። አዲስ አበባ መርካቶን ዞርኩ፤ የፔጆ አለ፣ የፊያት አለ፣ የቮልስማ እንደ ድንች ተከምሯል። በመጨረሻ የፊያቱን ገዝቼ በላሜራና በሽቦ ላጋባው ስል እሳት ተነሳና ቅንድቤን ይዞት ሄደ። ባለቤቴ አመድ የሆነ ፊቴን እያጠበች «ውሃ ነው እንጂ ቤንዚን መቼ አስተማሩህ» አለችኝ።

ኩራቴን ዋጥኩና ታናሽየው ዘንድ ወጣሁ። ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ፤ ቆጮ አስቀረቡልኝ፣ ሸማ ከሚሠሩበት ጉድጓድ ሳይወጡ መወርወሪያቸውን እየወረወሩ አዳመጡኝ። ስጨርስ «አለ፤ ደህና ነው» አሉ። «ግን በጠብ የገባ ዕቃ በሽያጭ አይወጣም። ጎሜ ነው።»

ጎሜ ማለት ነውሩም፣ ኃጢአቱም፣ የሚያስከትለው መቅሠፍትም አንድ ላይ የተጠቀለሉበት የአገሩ ቃል ነው። ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ዱቡሻ ወደሚሉት ሜዳ፣ መሄድ ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ አመልካች መሆን አለበት፤ ሁለቱም አልሆንም ብለዋል። «ሌላ ሰው ማመልከት ይችላል?» ብዬ ስጠይቅ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይችላል አሉኝ፤ በመኪናዋ ምክንያት የተጎዳ ሰው ከሆነ። ወደሌለው ቅንድቤ አመለከትኩ።

እንዲህ ሆኜ፣ እኔ ዲግሪ የጫንኩት፣ ካንድ መኪና ዕቃ ተነስቼ ከሳሽ ሆንኩ። በየቅዳሜው ከሙቀቱ ወደ ብርዱ እወጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ከካርቡሬተር በስተቀር ሁሉን ያነሳሉ፤ የአያታቸውን ድንበር፣ የእናታቸውን ቀብር፣ በዚያ መስቀል ከበሬው ሥጋ ለማን የትኛው እንደደረሰ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንዱ ሽማግሌ አይተውኝ «ልጄ፣ እሱ ነገር ይቆጥራል ወይስ ዝም ብሎ ይዞራል?» አሉኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ታላቅየው በሳል ብዛት መናገር አቃታቸው፤ ሰዎች ደግፈው ወሰዷቸው።  ስንመለስ ላንቴ የምትባለው መንደር ላይ ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነገረችኝ።

«ሐኪም ዓመቱን አይጨርሱም ብሏቸዋል። ከሠርጉ በፊት ነው የነገራቸው። 'ወንድሜ አፈር ሳያለብሰኝ ልሄድ ነው' ብለው አክስቴ ጋ አልቅሰዋል። እኛ አገር ሰው ካልታረቀ የተጣላው ሰው ቀብር ላይ አይቆምም። ከዘመድ ማንም ነገሩን ማንሳት አልቻለም፤ የያዘውን የማይለቅ ባዳ ያስፈልጋቸው ነበር።»

«እና እኔ ...»

«በአንድ በግ ዋጋ መኪና የሚሸጥ ሰው የት አይተሃል?»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ሦስት ወር በጀርባዬ የተኛሁት፣ ቅንድቤን ያጣሁት ለካ ክሪክ ሆኜ ነው። ክሪክ ከባዱን ያነሳል፣ ጎማው ሲገባ ተመልሶ ከወንበር ሥር ይጣላል። ለሁለት ቀን ከባለቤቴ ጋር አልተነጋገርኩም። በሦስተኛው ቀን፣ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ሃያ ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎችን ሳስብ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ጭንቀቴ ካርቡሬተሩ ሳይሆን ሳሉ ሆነ። ከእርቁ ቀድሞ እንዳይደርስ ፈራሁ።

በአራተኛው ቅዳሜ ካፊያ ነበር። ታላቅየውን በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ሽማግሌዎቹ ተነሱና ከመሬት እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘው ታናሽየው ፊት ተንበረከኩ። ሣር የያዘ ሽማግሌን አልፎ መሄድ ከጎሜ ሁሉ የከፋው ነው። አንዱ ጭብጥ ሣር ለእኔም አቀበሉኝ። በተተኮሰ ሱሪዬ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

ታናሽየው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ዞረው በሌላው በኩል ወደ ቤታቸው ሄዱ። ታላቅየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከእኛ ማንም አልተነሳም፤ ጉልበቴ መሬቱ ውስጥ ጠልቆ የገባ መሰለኝ። በመጨረሻ ታናሽየው ተመልሰው መጡ፤ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን የሚያህል ነገር ታቅፈዋል። ወንድማቸው እግር ሥር አስቀመጡት።

እኔ ነኝ የፈታሁት፤ ለማየት የቸኮልኩ እኔ ስለነበርኩ። ገና ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ካርቡሬተሩ ከላይ እስከ ታች ቅቤ ነው። ቀዳዳው፣ ቱቦው፣ ክዳኑ ሁሉ በደረቀ ቢጫ ቅቤ ተደፍኗል። እርቁንም፣ ሳሉንም ረሳሁት።

«ምን አድርገውት ነው? ቅቤ! ካርቡሬተር ቅቤ ይቀባል? አበላሽተውታል እኮ!»

ታናሽየው እኔን አላዩኝም። ለወንድማቸው በጋሞኛ ረጋ ብለው ተናገሩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

«በየመስቀሉ እኛ አናታችንን ቅቤ ስንቀባ እሱንም እቀባዋለሁ፤ ከእኛው ከቤት ያለ ነው። በተመለሰ ቀን እንዳይዝግብህ ብዬ ነው።»

ታላቅየው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቅቤውን ነኩ። ሃያ ዓመት በየመስቀሉ የተደራረበ ቅቤ ነው። ማልቀስ ጀመሩ፤ ሳሉና ለቅሶው ተቀላቀለባቸው። ታናሽየው ወንበሩ ሥር ተቀምጠው የወንድማቸውን እግር ያዙ። እኔ በዚያ ሜዳ ከሁሉ በላይ የተማርኩና ከሁሉ በላይ ያልገባኝ ሰው ሆኜ ሣሬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ካርቡሬተሩን በባለቤቴ ትልቅ ድስት በሳሙናና በፈላ ውሃ አንድ ሳምንት ቀቀልነው። ድስቱ ዳግመኛ ለወጥ አልሆነም። ሞተሩ የተነሳ ዕለት ከጭስ ማውጫው የወጣው ሽታ እስከ ጎረቤት ደረሰ፤ አንዷ በአጥሩ ብቅ ብላ «ቅቤ እያነጠራችሁ ነው?» አለችን።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እኔና ሞሪሷ ወደ ጨንቻ ወጣን። ሁለቱ ከቤታቸው በር ላይ ይጠብቁናል። ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ከፈትኩላቸው። «አንተ ግባ» አሉ ታላቅየው። «ኧረ ሞቼ ነው! አንተ ግባ» አሉ ታናሽየው። እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይ ከዛፍ ዛፍ አለፈች። የሃያ ዓመት ጠብ አልቆ አሁን በትሕትና ሊጣሉ ነው ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ ሁለቱም ከኋላ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ የፊቱ ወንበር ባዶውን ቀረ።

ከገበያው በፊት ያለው ዳገት ላይ ሞሪሷ በአንደኛ ማርሽ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ አቃታት። አሮጌ መኪና የኋላ ማርሹ ይበልጥ ጉልበት አለው፤ ስለዚህ አዞርኳትና ወደ ኋላ እየነዳሁ ወጣሁ። ያሰብኩት ሞተሩን ብቻ ነበር። ገበያው መሃል ስንደርስ ነው የገባኝ፤ ሕዝቡን አስቀድመው ያገኙት ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ናቸው። እልልታው ለሁለቱም እኩል ደረሰ። መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ማንም ከየት ተሳፈርክ ብሎ አልጠየቀኝም። የሞሪሷን ብርቱካንማ ክንዶች በሁለቱም በኩል አወጣሁላቸው።

ታላቅየው ክረምቱ ሳይጠና አረፉ። የመጀመሪያውን አፈር ያለበሷቸው ወንድማቸው ናቸው። እኔም ክሪክ ላደረጉኝ ሰው ከዘመድ እኩል አለቀስኩ።

በመስቀል ማግሥት ታናሽየው ሲቀላ ድረስ ወርደው መጡ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የሚጠጣም የሚበላም አልፈለጉም፤ መኪናዋ አጠገብ ሄደው ቆሙና አዩኝ። ተማሪዎቼ በዚያ ሰዓት ቢያልፉ ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ኮፈኑን ከፈትኩላቸው።

«ከውጪ ብቻ» አልኳቸው።

«ከውጪ ብቻ» አሉ።

ካርቡሬተሩን ዙሪያውን ቀስ አድርገው ቀቡት። ሲጨርሱ ጣታቸው ላይ የተረፈውን ቅቤ ወደ አናቴ ዘረጉት፤ እኔም ጎንበስ አልኩላቸው።